ልጄ ሰብለ ልብስ ሰፊ ነበረች

ዛሬ ጠዋት ከዙሪክ ተደውሎ የተነገረኝን እስካሁን አላመንኩም። ልጄ ሰብለ ከሥራ ስትቀር ጓደኞቿ ቤቷ ሄደው አርፋ አገኟት። ልቧ ነው አሉኝ። ትናንት በስልክ ስንሳሳቅ ነበር። አሁንም ስልኬን እያየሁ ትደውላለች እላለሁ።

የምጽፈው ቀስ እያልኩ ነው፤ ስሕተት ካለ እለፉኝ።

ብዙዎቻችሁ ፎቶዋ ሥር "ታዋቂዋ ዲዛይነር" ብላችሁ ጽፋችኋል። ከፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግን ሰብለ ብታየው ደስ አይላትም። ያልተማርኩትን ስም አታሸክሙኝ የምትል ልጅ ናት።

እሷ የተማረችው ልብስ ስፌት ነው። እዚሁ ጄኔቫ፣ ሁለት ዓመት፤ አቴስታሲዮን የሚሉት ትንሹ የሙያ ወረቀት። ስንመጣ ቋንቋው ስላልነበራት የሦስት ዓመቱን ትምህርት አልሰጧትም። ቤተ ክርስቲያን አንዲት ሴትዮ "ሁለት ዓመት ብቻ? እሱማ ምን ይባላል?" ብላ ጠየቀቻት።

"ልብስ ሰፊ ይባላል፣ እትዬ። የቀሚስዎ ጠርዝ ከኋላ ተተርትሯል፤ ይምጡ ልስፋልዎት።"

ሰፋችላትም።

ትምህርቱን የጀመረች ሰሞን አንድ ቀን ኦኔ ሰፈር ወዳለው ቤታችን ፊቷ ጠቁሮ ገባች። ምን ሆንሽ ስላት፣ "ማሚ፣ ዛሬ ፓትሮኑን አበላሽቼ ቆረጥኩት" አለችኝ። እኔ ሆቴል ጽዳት ስለምሠራ ፓትሮን የማውቀው አለቃዬን ነው። ፖሊስ መጣ ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ወለሉ ላይ ተቀምጣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ለካ ፓትሮን የሚሉት ጨርቁ ላይ ተዘርግቶ በልኩ የሚቆረጥበትንም ወረቀት ነው። በኋላ ዙሪክ የቲያትር ልብስ የሚሰፋበት ቤት ሥራ ስታገኝ ደውላ፣ "እዚህ ደግሞ ፓትሮኑን በጀርመንኛ ሽኒት ነው የሚሉት፤ አለቃዬ ተርፏል" አለችኝ።

የመጨረሻው ፈተና ላይ የጃኬቱን እጅጌ አዟዙራ ሰፋችው፤ የቀኙን በግራ። ፈታኟ አጠገቧ ቆማለች። ያ ወረቀት ከቀረባት ከመንግሥት እርዳታ ወጥታ በእጇ ሥራ መኖሩ ሊቀርባት ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ያለቅስ ነበር። እሷ ግን ሁልጊዜ እንደምትለው "ይፈታል፣ ይሰፋል" ብላ ክሩን ፈታች፣ እንደገና ሰፋች፣ አለፈች።

ወረቀቱን ስትቀበል አዳራሹ በቀስታ ያጨበጭባል፤ እኔ እልል አልኩ። ሰው ሁሉ ዞረ። አሳፈርኳት ይሆን ብዬ ስደነግጥ ከመድረኩ ላይ በጣቷ እያሳየችኝ፣ ሁሉም እንዲሰማ በፈረንሳይኛ "ያቺ እናቴ ናት" አለች። ከዚያ ወዲህ የማንንም እጅ አላየችም። የቤት ኪራይዋንም፣ የእህቷን ጫማም በመርፌዋ ነው የቻለችው።

ስለዚህ ለቅሶ የምትመጡም፣ እዚህ የምትጽፉም፣ ልብስ ሰፊ በሉልኝ። ለፍታ ያገኘችው ስም ይኼ ነው። አያንስባትም።

ሰብልዬ፣ ነገ በባቡር ወዳንቺ እመጣለሁ። የሥራ ጓደኞችሽ ለራስሽ የሰፋሽውን ሰማያዊ ቀሚስ ተኩሰው ይጠብቁኛል። አንቺ ስንቱን ስታለብሺ ኖርሽ፤ አንቺን የማለብስሽ እኔ ነኝ። ሕፃን ሳለሽ አደርግ እንደነበረው እጅሽን በእጅጌው ቀስ አድርጌ አሾልኬ፣ ቁልፎቹን ከታች ጀምሬ አንድ በአንድ እቆልፍልሻለሁ። አልቸኩልም።

ደህና ሁኚ፣ ልጄ።