ሟቿ በመስኮት ስታልፍ

አናጢው በወጣትነቱ ስድስት ሰው ገድሏል፤ ያውም በእንጨት ቢላዋ። ቢላዋውን ራሱ ጠርቦ፣ ራሱ ብርማ ቀለም ቀብቶ፣ ራሱ ሰነዘረው። ፊልሙን የሚሠራው አብሮ አደጉ፣ ተዋናይ የሚቀጥርበት አቅም ስላልነበረው፣ «ቁመትህ ይበቃል፤ ጭምብሉን ካጠለቅህ ማን ያውቅሃል?» ብሎ ነው ያግባባው። እውነቱን ነው፤ እስከ ዛሬ ማንም አላወቀውም።

ፊልሙ፣ አንዋሽ ከተባለ፣ ፊልም ለመባል ብዙ ይቀረዋል። ስድስት ወጣቶች ሰው የማይኖርበት ቤት ገብተው ያድራሉ። በር ሲጢጥ ሲል ውልቅ ብለው መሄድ ሲገባቸው፣ «እስቲ ተለያይተን እንፈልግ» ይላሉ። ደሙ የቲማቲም ድልህ ነው። አንዱ ሬሳ አፍንጫው ላይ ዝንብ አርፎበት ዐይኑን ያርገበግባል። አንዱ ኮሪደር ቀለሙ እየተቀየረ ሦስት ክፍል ሆኖ ተውኗል። ያም ሆኖ ወጣት ተመልካቾች ነፍሳቸው እስኪወጣ ወደዱት። ውሸቱ ከሩቅ ስለሚታይ ሳይፈሩ መጮህ ይችላሉ፤ ጎናቸው የተቀመጠውን ሰው ክንድ ለመያዝም ደህና ሰበብ ነው።

በአሥራ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ የምትሞተው ልጅ ልብስ ሰፊ ነበረች። የመጣችው ጭምብሉን ልትሰፋ ሲሆን፣ ሰው ጎደለ ተብሎ በዚያው እንድትሞት ተደረገ። የጭምብሉን ዐይን አንዱን ከፍ፣ አንዱን ዝቅ አድርጋ ስለሰፋችው ገዳዩ በደንብ አያይም ነበር። አራት ጊዜ እሷን ስቶ ትራሱን ወጋው። አራት ጊዜም ሬሳዋ ሳቀ። በዓመቱ ተጋቡ። እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ «እኔ የገደለኝን ያገባሁ ሴት ነኝ» ትል ነበር። ሃያ ሦስት ዓመት ሁለቱ ብቻቸውን ኖሩ፤ ከሁለት ዓመት በፊት ግን በሽታ ወሰዳት።

ከዚያ ወዲህ አናጢው ከሥራ ሲገባ የሚያናግረው ሰው የለም። ድሮም ቃል ከአፉ በመከራ የሚወጣ ሰው ነበር፤ የሁለቱንም ታወራ የነበረችው እሷ ናት። የቀሩት ፎቶዎችም አያጽናኑትም። የፊት ጥርሷ ሸራፋ ስለነበር ፎቶ አንሺ ባየች ቁጥር አፏን ትገጥማለች፤ ስትስቅም በእጇ ትሸፍናለች። በሠርጋቸው ፎቶ ላይ እንኳ የተቆጣች ነው የምትመስለው።

ስትስቅ የምትታየው እዚያ ፊልም ላይ ብቻ ነው፤ እሱም በስህተት። መጨረሻው ላይ ገዳዩ የመጨረሻዋን ልጅ ጥግ አስይዞ ቢላዋውን ያነሳል። በዚያች ቅጽበት ከኋላቸው ባለው መስኮት፣ ከሞተች አንድ ሰዓት ያለፋት ልብስ ሰፊ ማንቆርቆሪያ ይዛ ብቅ ትላለች። ለሠራተኞቹ ሻይ ልታፈላ ስታልፍ ነው። ቆም ትላለች፣ ጭምብሉን ታያለች፣ አፏን ሳትሸፍን ከት ብላ ስቃ ታልፋለች። ስህተቱ የታየው የተከራዩት ቤት ለባለቤቱ ከተመለሰ በኋላ ነበርና ማረሚያ አልተገኘለትም። ተመልካች እዚያ ጋ ሲደርስ «ተነሳች!» እያለ በሳቅ ይፈርስ ነበር።

አናጢው በየእሑዱ ከሰዓት በኋላ የፊልሙን ካሴት ከመጀመሪያው ያየዋል። አያሳልፍም። ሞቷን ሳያይ መስኮቱ ጋ መድረስ ማጭበርበር ይመስለዋል።

አንድ ቀን አብሮ አደጉ መጣ። አሁን ሠርግ በቪዲዮ እየቀረጸ ይኖራል። አንድ ሲኒማ ቤት ፊልሙን እንደገና ሊያሳየው ፈልጎ፣ ሌላው ቅጂ ሁሉ ሻግቶ የተረፈው የአናጢው ካሴት ብቻ ነበር። ምስሉን አጥርቶ እንደሚመልስለት ነገረው። አናጢው ፊቷ ጠርቶ ሊታየው ነው ብሎ ደስ አለው፤ ለምን እንደሚያየው ግን ትንፍሽ ሳይል ካሴቱን ሰጠ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ስልክ ተደወለ። ካሴቱ ማሽን ውስጥ ተበጣጥሶ ቀረ፣ ነገር ግን ቀድሞ ወደ ኮምፒዩተር ስለተገለበጠ አያሳስብም አለው አብሮ አደጉ። ቀጥሎም በኩራት፣ «ዕድሜዬን ሙሉ መሳቂያ ያደረጉኝን ስህተቶች አንድ በአንድ ነቅዬ አወጣኋቸው» አለ። አናጢው መጀመሪያ ዝንቡ ትዝ አለው። ወዲያው ደግሞ መስኮቱ። ሚስቴን ተውልኝ ተብሎ በስልክ እንዴት ይነገራል? «ጎበዝ» ብሎ ስልኩን ዘጋ። ራሱን እየረገመ ፊልሙ እስከሚታይበት ቅዳሜ ቆየ።

ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹ በወጣቶች ጢም ብሎ ነበር። አናጢው መነጽር ካደረገች አንዲት ተማሪ አጠገብ ተቀመጠ። ሬሳው ዐይኑን አላርገበገበም፤ ዝንቡ የለም። ሚስቱ በሰዓቷ ሞተች። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ እጁን ጉልበቱ መሃል ቀብሮ ነው ያየው።

ቢላዋው ሲነሳ አዳራሹ ጸጥ አለ፤ እስከዚያ በነበሩት አምስት ሞቶች ላይ እንደዚያ ጸጥ አላለም። በመስኮቱ መጋረጃ ብቻ ተወዛወዘ። ሰው አላለፈም።

ከኋላ አንዱ «ሴትየዋስ?» አለ። ሌላው ተቀበለው። አዳራሹ ባንዴ ተንጫጫ፤ በሩ ጋ የቆመው አብሮ አደጉ ግራ ተጋብቶ ወዲያና ወዲህ ያያል። ተማሪዋ ወደ አናጢው ዞረች።

«ጋሼ፣ እዚህ ጋ አንዲት የሞተች ሴትዮ ታልፍ ነበር አሉ። እናቴ ናት የነገረችኝ። እሷን ለማየት ብዬ ነው የመጣሁት።»

«እኔም» አላት።

«አይተዋት ያውቃሉ? እውነት ትስቅ ነበር?»

አናጢው ወደ ልጅቷ ዞረ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስለሷ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

«ትስቅ ነበር» አላት። «አፏን ሳትሸፍን።»