ውዱ የቆጠበው ብረት

ውዱ አብሮ አደጌ ነው፤ በኋላም እህቴን ይማርሽን አግብቶ ዘመዴ ሆነ። በብልባላ ገበያ ጥግ ያለችው የናፍጣ ወፍጮ የእሱ ናት። ሃያ ዓመት ሙሉ ኩንታል ከአህያ ጀርባ እያወረደ ወደ ወፍጮው ሲያመላልስ ኖሮ፣ በአርባ ስምንት ዓመቱ ቀኝ ዳሌው እምቢ አለ። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ብቻ ነበር የሚይዘው። ቆይቶ ከቤቱ እስከ ወፍጮው ያለችውን አጭር መንገድ ሦስት ጊዜ እያረፈ መሄድ ጀመረ። ጠበል ሞከረ፣ ወጌሻ አሸው፣ እኔም ሥራህን ቀንስ እያልኩ ጨቀጨቅኩት፤ አንዱም አልረዳውም።

በ1999 ዓ.ም. አዲስ አበባ ወሰድኩት። ሐኪሙ የዳሌውን ፎቶ መብራት ላይ ለጥፎ አሳየን። «የጤነኛ ሰው አጥንት ጫፉ በለስላሳ ነገር የተሸፈነ ነው» አለ። «በመሀል ደግሞ የእንቁላል ነጩን የሚመስል የሚያንሸራትት ፈሳሽ አለ። የእርስዎ ለስላሳው ነገር አልቆ አጥንትና አጥንት እየተፋጨ ነው።» ውዱ ራሱን ነቀነቀ። የወፍጮው ዘንግ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ግራሶ የሚባለው ቅባት አልቆበት ሲደርቅ ምን እንደሚሆን ያውቃልና ብዙ ማስረዳት አላስፈለገውም።

የተበላውን አውጥተው የብረት ኳስ በፕላስቲክ ጎድጓዳ ውስጥ ገጠሙለት። ከሆስፒታል ልንወጣ ስንል ውዱ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «ዶክተር፣ ግራሶው በየት በኩል ነው የሚገባው?» ብሎ ጠየቀ።

እኔ መግቢያ አጣሁ። ሐኪሙ ግን ሳይስቅበት መለሰለት። «ግራሶ አይፈልግም። የራስዎ ሰውነት በሚያወጣው ፈሳሽ ይረጥባል። እርስዎ ብቻ ይራመዱ፤ ጡንቻዎ እንዲጠነክር። ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ አይቀመጡ፤ አይስገዱ።»

«ስንት ዓመት ያገለግለኛል?»

«አሥራ አምስት፣ ምናልባትም ሃያ። ፕላስቲኩ በመፋጨት ብዛት ቀስ በቀስ ይበላል፤ እንደ አጠቃቀምዎ ነው።»

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ይራመዱ የሚለው በአንድ ጆሮው ገብቶ በሌላው ወጣ፤ ይዞት የመጣው «እንደ አጠቃቀምዎ» የሚለውን ብቻ ነው። ወፍጮ ያለው ሰው ኩሽኔታ የሚያልቀው በዕድሜ ሳይሆን በዙር ብዛት መሆኑን ያውቃል። ያልዞረ ኩሽኔታ አያልቅም። ውዱም በዚሁ ስሌት፣ ያልተራመድኩበት ዳሌ አያልቅም ብሎ አገር ቤት ሲገባ ከፍ ያለ ወንበር አሠርቶ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ።

የንስሐ አባቱ አባ ወልደ ኪዳን መጥተው፣ «ልጄ፣ ሐኪም ከከለከለህ ስግደቱ ይቅርብህ፤ ቆመህ ጸልይ» አሉት። እሱ መቆሙንም ተወው። ሽንት ቤት ሲሄድ እንኳን እርምጃውን ይቆጥር ነበር። «ዛሬ መቶ አልሞላሁም» ይለኛል፣ ጀብዱ የሠራ ይመስል። «አንተ ሰውዬ፣ ለማን ልታወርሰው ነው?» እያልኩ እጮህበታለሁ። ፈገግ ይላል እንጂ አይነሳም። እግሩ ደግሞ እያየነው ቀጠነ።

ሥራው ግን አልተቀመጠም። ሞተሩን በእጇ አሹራ የምታስነሳው ይማርሽ ሆነች። እህሉን ተሸክማ ወፍጮው ውስጥ የምትገለብጠው፣ ውሃውን የምትቀዳው፣ ለቅሶና ሰንበቴ የምትደርሰው እሷ ናት። ይባስ ብላ የስቅለት ዕለት የእሱን ስግደት በራሷ ላይ ደርባ ትሰግድ ጀመር። «እሱ ከቀረበት እኔ እሰግድለታለሁ» አለች። በአገራችን ለታመመ ዘመድ መስገድ ያለ ነውና ማንም አልከለከላት። እኔም አልከለከልኳትም። ቁልቁለት ስትወርድ በጎኗ ዞራ እያነከሰች መሆኑን አይቻለሁ፤ ከቀሚሷ ሥር ጉልበቷን በጨርቅ እንደምታስርም አውቅ ነበር። የምጮኸው በውዱ ላይ ብቻ ነበር፤ ይህ ዛሬም ያንገበግበኛል።

የ2002 ስቅለት ውዱን በበቅሎ አድርሰን የደብሩ ግቢ ውስጥ ግንቡ ላይ አስቀመጥነው። ይማርሽ ከጠዋት ጀምራ እፊቱ ስትሰግድ ዋለች። ወደ ማታ ምእመኑ ተሰልፎ ጥብጣብ ሲቀበል እሷም ተራዋ ደረሰ። አባ ወልደ ኪዳን በወይራ ቅጠል ጀርባዋን ነካ ነካ እያደረጉ፣ «ሠላሳ ስገጂ» አሏት።

«የባለቤቴንም ይንገሩኝ አባ» አለች።

አባ ቀና ብለው ውዱን አዩት። «የእሱ ቀርቶለታል እኮ ልጄ» አሏት።

«አይ አባ፣ ይንገሩኝ።»

እሺ እስኪሏት ቆማ ጠበቀች። «እንግዲያው ሠላሳ» አሉ፣ ቅር እያላቸው።

የራሷን ጨረሰች። የእሱን ጀመረች። አሥራ ሁለተኛው ላይ ወርዳ ቀረች። ሁለት እጇን መሬቱ ላይ ተክላ ለመነሳት ሞከረች፤ ጉልበቷ አልታዘዝ አላት። እንደገና ሞከረች። ሰው የምትጸልይ መስሎት አልቀረባትም። እኔ ሰው እየገፋሁ ወደ እሷ ስሄድ ውዱ ከግንቡ ወርዶ ቀደመኝ። ዱላውን እንኳን አልያዘም። ያችን ቀጭን እግሩን እየጎተተ ደረሰባት።

ብብቷ ሥር እጁን ሰዶ ሊያነሳት ሲል ይማርሽ ደነገጠች። ለራሷ መስሎኝ ነበር።

«ተው ውዱ፣ ተው! ብረቱ ይበላብሃል!» አለችው።

ውዱ ሲያለቅስ ሳይ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። እንደ ሕፃን ጮክ ብሎ፣ ሰው ሁሉ እያየው አለቀሰ። «ይበላ!» አለ። «ይበላ! እኔ ብረት ስጠብቅ አንቺን ጨረስኩሽ።»

በቅሎዋ ላይ እሷን አወጣናት። እሱ ልጓሙን ይዞ እስከ ቤታቸው ያለውን አቀበት በእግሩ ወጣው። በየመሀሉ ቆሞ ያለከልካል፤ ላግዝህ ስለው እጄን ይገፋዋል። ያን ዕለት ስንት እርምጃ እንደሄደ አልነገረኝም።

ከፋሲካ በኋላ ወፍጮውን የሚያስነሳው እሱ ሆነ፤ ውሃም ይቀዳል። እግሩ በአንድ ክረምት ሥጋ ያዘ። የይማርሽ ጉልበት ግን ደህና አልሆነም። በዚያ ከፍ ባለ ወንበር ላይ ሆና ሲመላለስ ስታየው፣ «ኧረ ቀስ በል» ትለዋለች። አይሰማትም።