ቋጠሮ ይዛ ወንዝ የምትሻገረው ልጅ

ከጎጃም ድሬዳዋ ለማስተማር በተመደብኩ በሦስተኛው ዓመት የአከራዬ ልጅ ጠፋች። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ጠፋች ስል፣ ወዴት እንደሄደች ሁላችንም እናውቃለን፤ በደርግ ጊዜ የድሬ ልጅ ጠፋ ከተባለ በእግሩ ወደ ጅቡቲ ወጣ ማለት ነው። የማናውቀው መድረሷን ነበር። በዚያ በረሃ ጥሙም፣ ጅቡም፣ ወታደሩም አለ።

አከራዬን ሁላችንም ተከራዮች እንደ እናት «አዴ» ነበር የምንላቸው። ባላቸው የባቡር ሠራተኛ ነበሩ፣ ሞተዋል። አዴ ወሬ በአማርኛ ጀምረው፣ በኦሮምኛ አድርገው፣ በሶማሊኛ ይጨርሱታል። እኔ እንደ አስተዳደጌ አንቱ ስላቸው ይስቁብኛል። «አቦ ተዪኝ አንቺ ልጅ። አንቱ ስትዪኝ ከኋላዬ ሌላ ሰው የቆመ እየመሰለኝ እዞራለሁ።»

የሄደ ሰው ደብዳቤ አይጽፍም። ደብዳቤ ከተያዘ ቀበሌ ቤተሰቡን ይጠራል። ስለዚህ የደረሰ ሰው ዕቃ ይልካል፤ በባቡር ከሚመላለሱት ነጋዴ ሴቶች ለአንዷ ሻሽ ወይም ሳሙና ይሰጣታል፣ እሷም ለእናቱ ታቀብላለች። ከማን ነው አይባልም፣ አይጠየቅም። ዕቃው ከደረሰ ልጁ ደርሷል። «ምልክት» ይሉታል።

አዴ አራት ወር ምልክት ጠበቁ። ባቡር በሚገባበት ቀን ሁሉ ለገሀር፣ ባቡር ጣቢያው በር ላይ ይቆማሉ። በአምስተኛው ወር፣ እዚያው ግቢያችን የምትኖር ነጋዴ ከጅቡቲ ስትመለስ መዳፍ የምታክል ግራጫ መጫወቻ እጃቸው ላይ አኖረች።

በባትሪ የሚሠራ የጃፓን ዕቃ ነው። ቪዲዮ ጌም የሚባለውን ስም ያኔ አናውቀውም። በትንሿ መስታወት ውስጥ ቋጠሮ የተሸከመች ልጅ ወንዝ ዳር ትቆማለች። ወንዙ ላይ አምስት ድንጋዮች አሉ፣ በየተራ ይሰምጣሉ። ቁልፍ እየተጫኑ ከአንዱ ወደ አንዱ ያዘልሏታል። ማዶ ቤት አለ። ከደረሰች በሩ ይከፈታል፣ አንዲት እጅ ወጥታ ቋጠሮውን ትቀበላለች፣ አጭር ዜማ ይሰማል። ታሪኩ ይኸው ነው። ሻይ ሳይፈላ ያልቃል።

«አየሻት?» አሉኝ አዴ። «ራሷ ናት። ቋጠሮ ይዛ ነው የወጣችው። ተሻገርኩ ነው የምትለኝ። ሻሽ ብትልክ ምን ያወራልኛል? ይሄ ያወራል።»

እኔም ተጫወትኩት፣ አልዋሽም። ልጅቷ ፊት የላትም፣ ጥቁር ጥላ ናት፤ ፊት የሌለውን ሰው ደግሞ የፈለጉትን ፊት ይሰጡታል። እኔ የታናሽ እኅቴን ሰጠኋት። ከእግሯ ሥር ድንጋዩ ሲሰምጥ «ዝለዪ!» እያልኩ እጮህ ነበር። ወፍራም ልብ ወለድ አንብቤ ለአንድ ሰው እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ጉድለቱ ግን ቀስ እያለ ነው የታየኝ። ማዶ ያለችው እጅ ብቻ ናት፤ እናት ትሁን አሠሪ አይታወቅም። በሩ ይከፈታል እንጂ ልጅቷ አትገባም። ቋጠሮዋን አስረክባ ወዲያው ከወዲህኛው ዳር ተመልሳ ትቆማለች፣ ድንጋዮቹም ከቅድሙ ፈጥነው ይሰምጣሉ። የሠራው ሰው መድረሷን አስቧል፣ መኖሯን አላሰበም። በዚያ ላይ የድሬን ሙቀት አይችልም፤ እኩለ ቀን ሲሆን መስታወቱ እንዳለ ይጠቁራል። አዴ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ከውኃው ገንቦ ሥር ያስቀምጡታል። «ፀሐዩ በረታባት፣ ትንሽ ትረፍ» ይላሉ። ወንዙ ውስጥ ስትወድቅባቸውም፣ «ይሄ የኔ እጅ ነው። እሷ አትወድቅም» ይላሉ።

አንድ ቅዳሜ ነጋዴዋ የእንግሊዝኛ ወረቀት አንብቢልኝ ብላ ጠራችኝ። ከአልጋዋ ሥር ካርቶን ጎተተች። ያው መጫወቻ በየሣጥኑ ተደርድሯል፤ በእያንዳንዱ ሣጥን ላይ ያችው ልጅ ቋጠሮዋን ይዛ ቆማለች።

«ለአዴ የሰጠሻቸው?» አልኳት።

«ከዚሁ ነው።»

«ልጅቷስ?»

«ማን አያት? ጅቡቲ ያልጠየቅኩት የለም። ሴትየዋ ባቡር በገባ ቁጥር በር ላይ ቆማ ዓይን ዓይኔን ስታየኝ ምን ላድርግ? ወላሂ እጄ የገባልኝን ነው የሰጠኋት። መምህርት፣ ጸሎተኛ ነሽ፣ አውቃለሁ። ይሄን ግን ዋጪው።»

ሁለት ሳምንት ዋጥኩት። ከዚያ አዴ ልጃቸው ስለ መድረሷ የምስጋና ዱዓ ሊያስደርጉ ተነሡ። ፍየል ታረደ፣ ምንጣፍ ተዘረጋ፣ ሼኹ ተጠሩ። ያረዱትን ባልበላም ሽንኩርት እከትፍላቸዋለሁ፤ ከጠዋት ጀምሮ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ተቀምጬ እየከተፍኩ ነው። አዴ ደስታው አላስቀምጥ ብሏቸዋል።

«አንቺስ?» አሉኝ። «ዘመዶችሽ አንድ ሳሙና እንኳ አይልኩልሽም? አይ የደጋ ሰው፣ ልቡም ብርድ ነው።»

ሴቶቹ ሳቁ። ቀልድ ነበር።

ቢላዋውን አስቀመጥኩ። «አዴ፣ ፈጣሪን በሐሰት አያመስግኑ» አልኩ። ስለ ካርቶኑ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሰው ፊት ነው፣ ድምፄን እንኳ ዝቅ አላደረግኩም።

«ስንት ናቸው?» አሉኝ።

«ካርቶን ሙሉ።»

«ሁሉም አንድ ዓይነት?»

«አንድ ዓይነት።»

እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። «እንግዲያው የኔዋ የለችም» አሉ።

«እንደዚያ አላልኩም። ምልክቱ የእሷ አይደለም ነው ያልኩት።»

«ሦስት ዓመት እዚህ ኖረሽ፣ ምልክት ከሌለ ሰው እንደሌለ አላወቅሽም?»

ከሰዓት በኋላ የተጠሩት መጡ። ሼኹ ለምስጋና በተዘረጋው ምንጣፍ ላይ ለሞተች ልጅ ቁርኣን ቀሩ። የምስጋናው ፍየል ለለቅሶኛ ቀረበ። አንዲት የዘገየች ጎረቤት ያልሰማች ኖሮ እልል እያለች ገባች፤ ፊታችንን አይታ አፏን በእጇ ያዘች። አዴ አላለቀሱም። ግድግዳ ተደግፈው ለሚያጽናኗቸው ሁሉ አንገታቸውን ብቻ ይነቀንቃሉ።

ነጋዴዋ በሩ ላይ ተጠጋችኝ። «በይ መምህርት፣ እውነቱን ተናግረሻል። ጽድቅሽን ብቻሽን ብዪው፤ ሥጋችንን እንደሆነ አትበዪም።»

በማግስቱ እሑድ ስለነበር ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ ተናዘዝኩ።

«ዋሸሽ?» አሉኝ።

«አልዋሸሁም፣ አባቴ።»

«ያላየሽውን አወራሽ?»

«ያየሁትን ነው።»

«ታዲያ ምኑ ነው ኃጢአቱ፣ ልጄ?»

ሴቶቹ ሲስቁብኝ የተሰማኝን፣ ቃሉም ከአፌ ሲወጣ እንዴት እንደጣፈጠኝ አልነገርኳቸውም። እሳቸውም በመስቀላቸው ባርከው፣ ቀኖና ሳይሰጡኝ አሰናበቱኝ። ከድሬ እስክዛወር ድረስ ልጅቷ ትኑር ትሙት አልተሰማም። እኔም ያልተቀበልኩትን ስግደት የሚያዝልኝ ሌላ ካህን አልፈለግሁም።