ክፍሉ ሳይናፈስ አንገባም

የያዙኝ ከምሠራበት ሸሚዝ ፋብሪካ በር ላይ ነው፤ አንድ እግሬ ባጃጅ ውስጥ ነበር። ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች «ለጥያቄ ትፈለጊያለሽ» አሉኝ። ለምን እንደሆነ ገብቶኛል። ሸሚዙ እንዳይጨማደድ የሚረጭበት ኬሚካል በመተኮሻው ሙቀት ሲተን ዓይናችንን ያቃጥል፣ ጉሮሯችንን ይከረክር ነበር። እኛ «አስለቃሹ» እንለዋለን። አንዷ ባልደረባችን ትንፋሽ አጥሯት ከወደቀች በኋላ፣ ማናፈሻ እስኪገጠም አንሠራም ብለን ቆምን። መጀመሪያ ማሽኔን ያጠፋሁት እኔ ነበርኩ።

ፖሊስ ጣቢያ የጠበቀኝ መርማሪ ድምፁን ከፍ አላደረገም። ወንበርም ሰጠኝ።

«ከጀርባሽ ማን አለ? የየትኛው ፓርቲ ነሽ?»

«ፓርቲ የለኝም። ዓይኔን ነው ያቃጠለኝ።»

«ዓይን ሠራተኛ አያሳምፅም።»

«የእኛን አላዩትም» አልኩት።

የሴቶቹ እስር ክፍል ጠባብና እርጥብ ነበር፤ መስኮቱ ከጣሪያው ሥር ያለች ትንሽ ቀዳዳ ናት። ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጡት ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣ የሚሸጡ እናት ነበሩ። በመሸጫ ቦታ ሰበብ ተጣልተው ነው የታሰሩት። አስም አለባቸው፤ ሲተኙ ደረታቸው ያፏጫል።

አንድ ቀን ጠዋት «ጎብኚ ይመጣል» ተባለና ግቢ አስወጡን። ጠባቂዋ ፖሊስ ጄሪካን ሙሉ በረኪና ውኃ ሳትጨምርበት ወለሉ ላይ ደፋችው። ወዲያው «ግቡ!» አለች።

ከበሩ ስንደርስ ሽታው ጉሮሮዬን ያዘኝ። እናት ሳል ጀመራቸው፤ ግድግዳውን ተደግፈው ቀሩ።

«ክፍሉ ሳይናፈስ አንገባም» አልኩ።

«ይሄ ፋብሪካሽ መሰለሽ?»

«አይደለም። ሳንባችን ግን ያው ነው።»

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ዱላዋን ትከሻዬ ላይ አሳረፈችው። አልተነሳሁም።

«ልጄ፣ በእኔ የተነሳ አትመቺ» አሉኝ እናት።

«ለራሴም ነው እናቴ። እርስዎ ብቻ ይተንፍሱ።»

ነጠላቸውን ሰብስበው አጠገቤ ተቀመጡ። ቀጥላ በስርቆት የተያዘች፣ እስከዚያ ቀን ሰላም እንኳ ተባብለን የማናውቅ ሴት ተቀመጠች። ከዚያ ሁሉም።

የጣቢያው ኃላፊ የፖሊሷን ጩኸት ሰምቶ መጣ። መሬት ላይ መቀመጣችንን አየ። ወደ ክፍሉ ገባና ወዲያው አፍንጫውን ይዞ እያስነጠሰ ወጣ። ለፖሊሷ በእጁ የውኃ ቧንቧውን አሳያትና ሄደ። ወለሉን ደጋግማ አለቀለቀችው፤ በሩም ተከፍቶ ዋለ። ሲደርቅ፣ ማንም ሳይገፋን፣ እናትን ደግፈን ገባን።

ከተፈታሁ በኋላ ፋብሪካው አልመለሰኝም። አሁን ምሥራቅ ክፍለ ከተማ በተከራየኋት ክፍል ልብስ እሰፋለሁ። ብርቱ ሽታ ሲነካኝ ዓይኔ ዛሬም ያነባል፤ ሐኪሙ እንዲሁ ሊቀር ይችላል ብሎኛል። ማናፈሻው በአንዱ አዳራሽ ተገጥሟል፤ በሌላው ገና ነው። እዚያ የሚሠሩት ልጆች እሑድ እሑድ እኔ ዘንድ ይሰበሰባሉ።

ባለፈው አንዷ «እኛም ሥራ ብናቆም፣ እንደ አንቺ ቢያስሩንስ?» አለችኝ።

«ሊያስሯችሁ ይችላሉ» አልኳት። ልዋሻት አልፈለግሁም።

እሷም ቦርሳዋን መሬት አስቀምጣ ወንበሯን ወደ እኔ ሳበች።