ከጆበርግ ሙቀት ሽሽት፣ በማትቆለፍ መኪና

ቤሪያ፣ ንጋት ላይ

የሰዓት እላፊው አብቅቶ ጎዳናው ሲለቀቅ እኛ ሞተር አስነስተን እየጠበቅን ነበር። ወሩ ታኅሣሥ ነው። አገር ቤት ያላችሁ አንባቢዎች በዚህ ሰዓት ጋቢ ተከናንባችሁ ይሆናል፤ እዚህ ጆሃንስበርግ ግን ሙቀቱና ዝናቡ ተመካክረው በአንድ ወር ይመጣሉ። የምንኖረው ቤሪያ ውስጥ፣ የፎቁ የመጨረሻው ደርብ ላይ ነው። ጣሪያው ቀን የጠጣውን ፀሐይ ማታ ማታ እኛ ላይ ያፈሰዋል። ሊፍቱ ደግሞ ወረርሽኙ ሳይገባ ነው የሞተው።

ባለቤቴ ማቴዎስ ኮሮና ይዞት ከተረፈ ገና ብዙም አልቆየም። ዲፕስሉት በሚባል ሎኬሽን፣ ማለትም ከከተማው ዳር ባለ የድሆች ሰፈር ውስጥ ስፓዛ አለው፤ ስፓዛ ማለት ሻጩ በብረት ፍርግርግ ውስጥ ተቀምጦ ዳቦና የስልክ ካርድ በቀዳዳ የሚያቀብልበት ሱቅ ነው። አሁን ሱቁን ወንድሙ ይዞለታል። ደረጃችንን ሲወጣ በየደርቡ ቆሞ ግድግዳ ይደገፋል። ከሆስፒታል ሲወጣ ነርሷ ለብቻዬ ጠርታ፣ “ሳንባው ገና አልዳነም፤ ይኼ በጋ እስኪያልፍ ከሙቀትና ከወበቅ አርቂው” አለችኝ። በቃ፣ ሌላ ሥራ አልነበረኝም፤ ሙቀት የሚሸሽበትን መንገድ ማቀድ ጀመርኩ።

ወዳጆቻችን “ደርባን ውሰጂው፣ ባሕር ይይ” አሉኝ። የባሕሩ ዳርቻ በወረርሽኙ ምክንያት ተዘግቷል፤ ባይዘጋስ? አየሩ እርጥብ ፎጣ ፊት ላይ እንደ መጣል ነው። ስልኬ ላይ ያለውን የአየር ትንበያ ሳገላብጥ ከረምኩ። ከፍታውን፣ ንፋሱን፣ ማታ ማታ ስንት ዲግሪ እንደሚወርድ ሁሉ አጠናሁ። በመጨረሻ የሌሶቶ ድንበር ላይ ያለ አንድ ተራራ ሥር መረጥኩ። ሆቴል የሰው ትንፋሽ አለበት ብዬ ፈራሁ፤ ስለዚህ ኋላዋ አልጋና ምድጃ ባላት መኪና፣ በካምፐር፣ ልንሄድ ተስማማን። ማቴዎስ “ክብርት የአየር ጠባይ ሚኒስትር” እያለ ሲያሾፍብኝ ሰነበተ።

እኔ የዱራሜ ልጅ ነኝ። ፎቶዬ ሄደ፣ ትኬት መጣ፣ በአውሮፕላን ሙሽራ ሆኜ ገባሁ። እሱ ከሆሳዕና በየብስ ነው የመጣው። በስድስት ዓመት ትዳር ስለዚያ መንገድ የነገረኝ ይህችኑ ቃል ነው፤ “በየብስ”። ከዚያ ወሬውን ወደ ዳቦ ዋጋ ይመልሰዋል።

ካምፐሯ የጋሽ ሸምሱ ናት። ጋሽ ሸምሱ ጀርሚስተን ላይ ብርድ ልብስ በጅምላ የሚሸጡ የስልጤ ሰው ናቸው። እስከ ዛሬ “ሙሽሪት” ነው የሚሉኝ። መኪናዋን ከጨረታ ገዝተው አድሰዋታል፤ አንድ ጉድ ብቻ ነበረባት። የኋላ በሯ አይቆለፍም! ቁልፉ በነበረበት ቦታ ላይ እንጨት ተወትፏል። እኛ ሰው ለሰላምታ እንኳ በፍርግርግ ውስጥ እጁን በሚያወጣበት ከተማ ነው የምንኖረው፤ ደነገጥኩ።

“ጋሽ ሸምሱ፣ ይኼ በር እኮ ቁልፍ የለውም!”

“የኔ መኪና አትቆለፍም፣ ሙሽሪት። እንዲሁ ውሰጃት።”

እጃቸው አጠረ ብዬ አሰብኩ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። መኪናዋን በወሰድኳት ዕለት ሰፈራችን ያለ በያጅ ጋ ነዳሁና በሩ ላይ ከውጭ በኩል ማጠፊያ አስበየድኩ። ጓጉንቸር ገዝቼ አንጠለጠልኩበት። በዚያ አላበቃሁም። ፀሐይ እንዳይገባ የኋላውን መስኮቶች በብርማ ወረቀት ከውስጥ ሸፈንኳቸው። ኩራቴን ብታዩት!

ማቴዎስ ጎሕ ሲቀድ መኪናዋን ዞረና ጓጉንቸሩ ጋ ሲደርስ ቆመ።

“ይኼ ምንድነው?”

“ለሌባ ነዋ።”

“ከውስጥ ይከፈታል?”

“ጓጉንቸር ከውስጥ ተከፍቶ ያውቃል?” ብዬ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። ፊት ወንበር ገብቶ መስኮቱን እስከ ታች አወረደ።

ከቫል ወንዝ ማዶ፣ ረፋድ ላይ

የምነዳው እኔ ነኝ፤ ለሱቁ ዕቃ ስመላለስ ነው የለመድኩት። የቫልን ወንዝ ተሻግረን ፍሪ ስቴት ክፍለ አገር ስንገባ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። አጥር የለም! በቆሎ፣ በቆሎ፣ ከዚያ ሱፍ፣ ሁሉም ፊቱን ወደ ፀሐይ አዙሮ ቆሟል። እስከ ሰማዩ ጠርዝ ድረስ አንድ ሰው አይታይም። በዚህ አገር ስድስት ዓመት ኖሬ የማውቀው ፍርግርግ፣ የታክሲ ሰልፍና የፎቃችንን ደረጃ ብቻ ነው። ማቴዎስም ያው ነው፤ እሱ እንዲያውም ከእኔ በፊት ብዙ ዓመት ቆይቷል።

ትልቁ ድንጋጤ ግን ከመንገዱ ዳር ነበር። አንድ ጠረጴዛ፣ በላዩ በከረጢት የታሰረ ኮክና ቲማቲም፣ ጎኑ ላይ የቆርቆሮ ጣሳ፣ ጣሳው ላይ “አንዱ ከረጢት ሃያ ራንድ” የሚል ጽሑፍ። ሻጭ የለም።

“ሻጩ የት ሄዶ ነው?” አልኩ።

ማቴዎስ ጠረጴዛውን ዞረ፤ ከሥሩም አየ። ከዚያ ጣሳውን አንስቶ ነቀነቀው፤ ገንዘብ ተንኳኳ። ዓይኑ ፈጠጠ።

“በኢየሱስ ስም! አስቱ፣ ክፍት ነው እኮ! ሎኬሽን ቢሆን ከነጠረጴዛው ይሄድ ነበር።”

የከፈልነው ከዋጋው በላይ ነው፤ ማንም ባያየንም ሌባ እንዳንመስል ሰጋን መሰለኝ። መኪና ውስጥ ሆነን ኮኩን እየበላን እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ከታመመ ወዲህ እንዲያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ዕቅዴ ሠራ ብዬ ደስ አለኝ።

ነዳጅ ማደያው፣ ከስድስት ሰዓት በኋላ

እኩለ ቀን ላይ ፀሐዩ ከረረ። አንዲት ትንሽ ከተማ መግቢያ ላይ ያለ ነዳጅ ማደያ ደርሰን ዛፍ ሥር አቆምኩ። የማቴዎስ ከንፈር ደርቋል፤ ትንፋሹ አጥሯል። ኋላ ገብተህ ትንሽ ጋደም በል ብዬ ለመንኩት። አቅማማ። በሩ ክፍት እንዲሆን አደረገና ገባ፤ ወዲያው እንቅልፍ ወሰደው።

በረዶና ውሃ ልገዛ ስሄድ ዘወር ብዬ ሳይ ሁለት ሰዎች በመኪናችን አጠገብ ቆመዋል። ምንም አላደረጉም፤ ጥላ ፈልገው ነው። የጆበርግ ልቤ ግን ዘለለ። የተኛ ሰው፣ የተከፈተ በር! ተመለስኩና በሩን ቀስ ብዬ ገጠምኩት፤ ጓጉንቸሩን ቀጭ አደረግኩት። ቶሎ እመለሳለሁ ብዬ ነበር።

ሱቁ ግን በኮሮና ምክንያት ሰው የሚያስገባው በተራ ነው። ጭምብሌ ውስጥ እያላበኝ ቆምኩ። በረዶውን ታቅፌ ሒሳብ ስከፍል ነዳጅ ቀጂው እየሮጠ መጣ።

“ማማ! ማማ! መኪናሽ ውስጥ ሰው አለ! ይጮሃል!”

ወጣሁ። መኪናዋ በጎማዋ ላይ ትናጣለች። ድብደባው እስከ መንገዱ ይሰማል። በጎኗ ካለችው ጠባብ መስኮት፣ የለጠፍኩት ብርማ ወረቀት ተቀዶ፣ ጣቶች ወጥተዋል። የባለቤቴ ጣቶች ናቸው፤ አየር የሚጨብጡ ይመስል ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። ክው አልኩ። በረዶው ከእጄ ወደቀ። የሚጮኸው በሀድይኛ ነው፤ እኔ ያን ቋንቋ በደንብ አልሰማም፣ ቤታችን የምናወራው በአማርኛ ነው። አንድ ቃል ብቻ ለየሁ፤ ስም ነው።

“ታምራት! ታምራት!”

ቁልፉ ቀዳዳውን አልገባ ብሎኝ ነዳጅ ቀጂው ተቀብሎ ከፈተው። ማቴዎስ በደረቱ መሬት ላይ ወደቀ። ጥፍሮቹ ደምተዋል። አየሩን በአፉ ይጎትተዋል፤ ሳንባው ያፏጫል። ይሞትብኛል ብዬ ጮህኩ። ሰዎቹ፣ እነዚያው የፈራኋቸው ሁለት ሰዎች፣ ደግፈው ጥላ ሥር አስቀመጡት፤ አንደኛው በባርኔጣው አራገበለት።

ትንፋሹ ተመለሰ፤ ግን እኔን እያየ አያየኝም። ምን እንደምሠራ ጠፋኝና ጋሽ ሸምሱ ጋ ደወልኩ።

“ጋሽ ሸምሱ፣ በሩን ቆልፌበት...”

“በምን ቆለፍሽው?” ድምፃቸው ተለወጠ። “ቁልፉን እኮ በገዛ እጄ ነቅዬ ጥዬዋለሁ!”

“ጓጉንቸር አስገጥሜ።”

“ያ አላህ!” አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው ነገሩኝ። “ከማላዊ ወዲህ ማቴዎስን፣ ታምራትንና እኔን የጫነን መኪና ኮንቴነር ነበር፤ የተቆለፈው ከውጭ ነው። ሹፌሩ ፖሊስ አየና ቁልፉን ይዞ ጠፋ። ፀሐይ ላይ ነው ጥሎን የሄደው። ታምራት ያረፈው በማቴዎስ ጭን ላይ ነው። አልነገረሽም?”

“አልነገረኝም።”

“እኔም ለሚስቴ አልነገርኳትም” አሉ ጋሽ ሸምሱ።

ታምራት የማቴዎስ አጎት ልጅ ነው። አማቴ ቤት ግድግዳ ላይ ፎቶው አለ፤ “መንገድ ላይ ታሞ ነው የሞተው” ተብሎ ነው የተነገረኝ። ስልኩን ይዤ እንደቆምኩ ስድስት ዓመቴ አንድ በአንድ መጣብኝ። የመታጠቢያ ቤቱን በር ዘግቶ አያውቅም፤ በዚህ ተጣልተናል፣ “አሳፋሪ” ብዬዋለሁ። ሱቁ ሲያድር የጓሮውን በር ቁልፍ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይተኛል፤ ሰው ሁሉ ለገንዘቡ ነው ሲል እኔም አምኛለሁ። ታክሲው በር አጠገብ ቦታ ከሌለው ያሳልፈዋል፤ ሌላ ይጠብቃል። እኔ ይኼን ሁሉ አመል አድርጌ ቆጥሬው ነበር። የት እንደምገባ ጠፋኝ።

ሄጄ አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ጓጉንቸሩ አሁንም እጄ ላይ ነው፤ ወደ ሜዳው ልወረውረው ክንዴን አነሳሁ።

“አትጣዪው” አለ ማቴዎስ። የመጀመሪያ ቃሉ ነበር። “ለሱቅ ይሆናል።”

ነጋዴ ምንጊዜም ነጋዴ ነው። ሳቄና እንባዬ አንድ ላይ መጣ።

“እንመለስ?” አልኩት።

“ቤታችንም ይሞቃል እኮ” አለ። “ንጂ።”

ብርማውን ወረቀት አንድ ሳላስቀር ቀድጄ ጣልኩት። ከዚያ ነዳሁ፤ እሱ የደማ እጁን በመስኮት አውጥቶ ነፋስ እያስመታው ሄድን።

ተራራው ሥር፣ ወደ አሥር ሰዓት

አየሩ ድንገት ተለወጠ። ገደሎቹ ቢጫና ቀይ ናቸው፤ ባሶቶዎች፣ የሌሶቶ ሰዎች፣ በፈረስ፣ ብርድ ልብስ ትከሻቸው ላይ አድርገው ያልፋሉ። በታኅሣሥ! የካምፐር ማቆሚያው ግቢ ባለቤት፣ ነጭ አሮጊት፣ ከነጭምብላቸው ወጥተው ቦታችንን አሳዩንና ወደ ሰማይ ጠቆሙ። “በረዶ እየመጣ ነው፤ ገብታችሁ ዝጉ” አሉን።

ሰማዩ ጠቆረ። የመረጥኩት ብርድ በአንድ ጊዜ መጣልኝ፤ የስልኬ ትንበያ ስለ በረዶ አንድም አልተነፈሰም። እኔ ዘልዬ ገባሁ። ማቴዎስ ግን ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ፤ ጀርባው ውስጥ፣ እግሩ ውጭ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። በረዶው ጉልበቱን ይደበድበዋል፤ ሸሚዙ ራሰ። ያስላል። ያ ሳል የሆስፒታሉ ሳል ነው፤ አውቀዋለሁ። እዚያው ቢቀመጥ ብርዱ ይገድለዋል። ግባና በሩን እንዝጋ እንዳልለው ደግሞ አፌ እምቢ አለ።

ለዚህ ጉዞ የገዛሁት ነጭ ሸራ ጫማ ነበረኝ። “ተራራ በነጭ ጫማ ይወጣል?” ብሎ ሳምንቱን ሙሉ ሲስቅብኝ ሰንብቷል። አንዱን አወለቅኩና ከአጠገቡ፣ በሩ የሚገጥምበት ደፍ ላይ አኖርኩት።

“ይኼ እያለ አይገጥምም” አልኩት። “ሞክረው።”

አየኝ። በሩን ሳበው፤ ጫማውን ነክሶ ቆመ። ገፋው፤ ተከፈተ። ደግሞ ሳበው፣ ደግሞ ገፋው፤ ቆም ይልና ደግሞ ይሞክረዋል።

“አዲስ ጫማ እኮ ነው። ይበላሻል” አለ።

“ይበላሽ።”

እግሩን ሰብስቦ ገባ። ከጋሽ ሸምሱ ብርድ ልብሶች አንዱን አለበስኩትና ጎን ለጎን ተቀመጥን። በረዶው ጣሪያውን ይቀጠቅጠዋል። በጫማዬ በኩል ቀጭን ብርሃንና ብርድ ይገባል፤ እሱ ዓይኑን ከዚያች ክፍተት አላነሳም። ሳሉ ቀስ እያለ ሰከነ።

“ታምራት ብርድ አይወድም ነበር” አለ።

ያን ስም ሲጮኸው እንጂ ሲያወራው ሰምቼ አላውቅም። የማይሆን ነገር እንዳልናገር ተጠንቅቄ፣ “ሌላስ?” አልኩት።

“ጎመን። ጎመንም አይወድም። እናቱ ስታቀርብለት በጠረጴዛ ሥር ለእኔ ያቀብለኛል።” ፈገግ አለ። “ሲዋሽ ደግሞ ጆሮው ይቀላል።”

“ሌላስ?”

በረዶው ካባራ በኋላም እየነገረኝ ነበር። ጫማዬን ማናችንም ከበሩ ላይ አላነሳነውም።