ጋሽ ሰይፈ ሚካኤል ያጠጡት አረም

የአንድ ሰው ኑሮ ተጠቅልሎ ሲታይ ምንድን ነው? አስቦ የተከለው ነው ወይስ ሳያውቅ ያበቀለው? ጋሽ ሰይፈ ሚካኤል ይህን ጥያቄ ከመጽሐፍ አላገኙትም፤ ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ካለው ጓሯቸው፣ እጃቸው ላይ እንደ ጓንት ካልሲ አጥልቀው ባጎነበሱበት ነው ያገኙት።

ሰባ አምስት ዓመታቸው ነው። ከባቡሩ መጋዘን ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሥራቸው ሁለት የሎሚ ዛፍ፣ አንድ ዘይቱንና ጥቂት ፓፓያ መንከባከብ ሆነ። ጓሮው ያስተምራቸዋል። ቀትር ላይ ያጠጡት ተክል ያርራል፤ ምክርም በንዴት ሰዓት እንዲሁ ነው ይላሉ። ሎሚውን ሲገርዙም ስለ መከራ የሚሉት አያጡም። ሚስታቸው ማዘንጊያ በሕይወት ሳለች፣ ስብከቱን ለሎሚው ተውለትና ና ምሳህን ብላ ትላቸው ነበር።

ጮክ ብለው የማይናገሩት ትምህርት ግን አንድ ነበረ።

በዚያ የድርቅ ዘመን፣ የእርዳታ እህል በባቡር ሲራገፍ፣ ወጣቱ ሰይፈ ሚካኤል የፉርጎውን ወለል ጠርጎ ጥራጊውን ለዶሮዎቹ ወሰደ። በሚቀጥለው ዝናብ ከጓሮው ጥግ አይቶት የማያውቀው ነገር በቀለ፤ ቅጠሉ የካሮት ይመስላል፣ አናቱ ላይ ከሽንብራ ያነሰች ነጭ አበባ በአበባ ላይ ተደርድራለች። አሳዘነው፤ አጠጣው። ማዘንጊያ ቆርጣ በብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ አቆመችው። ጎረቤት ሲያምረውም ችግኝ ነቅሎ ሰጠ።

ስሙን የነገረቻቸው ሃሊሞ ናት፤ አጥር የምትጋራቸው፣ ከገጠሩ ከቢዮ አዋሌ ወተት እያስመጣች የምትሸጥ። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም አያምርምና እንደ ወንድሟ ነው የምታናግራቸው።

«አቦ፣ ይሄን ነው የምታጠጣው?» አለች። «ፈረምሲሳ እኮ ነው። በኛ በኦሮምኛ አስፈራሚ ማለት ነው። አንዴ ከገባ፣ መሬትህን ፈርመህ ልቀቅ ይልሃል።»

እርሷ ሳቀች፤ እርሳቸው አልሳቁም። ከዚያን ቀን ወዲህ ያቺን ነጭ አበባ በሄዱበት ሁሉ ያዩዋታል። በሀዲዱ ዳር አለች። በመልካ ጀብዱ መንገድ ማሽላው መሀል አለች። ባዩዋት ቁጥር ከኋላቸው ስማቸውን የጠራ ሰው ያለ ይመስላቸዋል። ያስፈራቸው ደግሞ በክፋት አለመሥራታቸው ነው። ሰው በክፋት የሠራውን ያውቀዋል፣ ይናዘዘዋል። በርኅራኄ ያጠጣውንስ የት ብሎ ይፈልገዋል? ስንት ሌላ ነገር አጠጥቼ ይሆን? እያሉ ይፈራሉ። ለንስሐ አባታቸው ቢነግሯቸው ፈገግ ብለው ሣር ኃጢአት አይደለም፣ አቡነ ዘበሰማያት ድገም አሏቸው። ደገሙ። ፍርሃቱ እዚያው ነው።

ዘንድሮ ደረታቸውን ያፍናቸው ጀመር። ሐኪሙ የዚህ አረም ብናኝ ነው፣ ሁለተኛ እንዳይጠጉት አላቸው። አስፈራሚው ዞሮ ዞሮ ሳንባቸው ድረስ መጣ። የራሳቸውን ጓሮ በየዓመቱ ያጸዳሉ፤ ግን በጎረቤት ደጅ ያፈራው ዘር ከንፋሱ ጋር ይመለሳል። ስለዚህ የእድሩ ሰው በተሰበሰበበት ተነሥተው ያንን አሮጌ ጥራጊ ተናዘዙ።

ባጃጅ የሚነዳው ሙስአብ አላስጨረሳቸውም። «አቦ ተወን ጋሼ! ይሄ ነገር ከዚህ እስከ ጅቡቲ አለ። ሁሉንም የዘራኸው አንተ ነህ? ሌላ ሥራ አልነበረህም እንዴ?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እርሳቸውም ፈገግ ለማለት ሞከሩ። ሳቁ ሲበርድ፣ የፊታችን እሑድ አበባው ዘር ሳይጥል ሁሉም በየደጁ ያለውን ብቻ እንዲነቅል ለመኑ። ማን እምቢ ይላል? ግማሹ ኢንሻአላህ አለ፣ ግማሹ እግዚአብሔር ከፈቀደ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ደጃቸው ላይ ወንበር አውጥተው ጠበቁ። ሃሊሞ ዘመድ ታሞባት ቢዮ አዋሌ ወጥታለች። ሙስአብ ሁለት ጊዜ በባጃጁ አለፈ፤ ሁለቱንም ጊዜ በጥሩንባ ሰላምታ ሰጣቸው። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ንፋሱ ተነሣ። በየአጥሩ ሥር ማንም ያልነካው ነጭ አናት ሲወዛወዝ አዩ፤ ይቅርታው ቀርቶ፣ ዘሩ ሳይረግፍ የሚነቅሉበት ጊዜም እንደሌላቸው ገባቸው። አፋቸውን በነጠላ ጠቅልለው፣ ካልሲውን በእጃቸው አጥልቀው፣ ከራሳቸው ጓሮ ጀመሩ።

ልጃቸው ስምረት ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ፈረቃዋን ጨርሳ ስትመጣ የነቀሉት ክምር ላይ ተደፍተው አገኘቻቸው። ትንፋሻቸው እንደ ተቀደደ ወናፍ ያፏጫል።

አሁን አልጋ ላይ ናቸው። ስምረት መኮትኮቻውን ደብቃለች፣ የጓሮውን በር ቆልፋለች፤ አባቷን ነው የምትጠብቀው፣ ማን ይፈርድባታል? ትናንት ጠዋት ከመስኮቱ ሥር አንዲት አረም ሳይነቅሏት እንደቀረች አዩ። አበባዋ መጠውለግ ጀምሯል፤ ዘሯን ልትጥል ቀናት ቀርተዋታል። ስምረት ብናኙ እንዳይገባ መስኮቱን ልትዘጋ እጇን ስትዘረጋ ክንዷን ያዙ።

«ስምረቴ፣ መስኮቱን ተይው» አሏት። «ውጪና እሷን አንዷን ከሥሯ ንቀይልኝ።»

ስምረት መስኮቱን ዘጋችው።