ከግድግዳው ማዶ የተገናኘው ጆይስቲክ

ሌባው ከጌሙ ዕቃ የተወልን አንድ ጆይስቲክ ብቻ ነው፤ እሱንም ስላላየው። ቻርጅ አልይዝ ስላለኝ ከሶፋው ትራስ ሥር ወሽቄው ረስቼዋለሁ። ጌም ማጫወቻውን፣ ሌላውን ጆይስቲክና ገመዶቹን በሙሉ ሰብስቦ ሲሄድ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ላፕቶፕ አልነካም። በሩ አልተሰበረም። መስኮቱም ከውስጥ እንደተቀረቀረ ነው።

እኔና ባለቤቴ ያኔ ካዛንቺስ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለ ግቢ ሁለት ክፍል ተከራይተን ነበር የምንኖረው። አራት ቤተሰብ፣ አንድ የውጭ በር፣ አንድ የውሃ ቧንቧ። ከመንገዱ ማዶ ያሉት ቤቶች በዚያው ዓመት ፈርሰው ስለነበር አቧራው ቀኑን ሙሉ ጣሪያችን ላይ ይወርዳል። የእኛ ተራ መቼ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ሰዉ ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ማውራት ለምዶ ነበር።

በአንድ ግድግዳ የምንዋሰነው ጎረቤቴ ማተሚያ ቤት የሚሠራ እኩያዬ ነው። ከእናቱ ጋር ይኖራል። ሦስት ዓመት ሙሉ እሁድ ከሰዓት እኛ ቤት እየመጣ ኳስ ጌም ተጫውተናል። ባለቤቴ ቁልፍ መጣል ልማዷ ስለሆነ ትርፍ ቁልፋችንን እሱ ጋ አስቀምጠን ነበር። ቅዳሜና እሁድ የሚሰጥ ትምህርት ስጀምር ጨዋታው ቀረ። እሱም ቅር አለኝ አላለም፣ እኔም አልጠየቅኩትም።

የተሰረቅን ዕለት ባለቤቴ ስትጮህ መጀመሪያ የደረሰው እሱ ነው። ቁልፉን ጎንበስ ብሎ አየው፣ በሩን ከፍቶ ዘጋው፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፦

«ልብስ የምታጥብላችሁ ሴትዮ ዛሬ መጥታ አልነበር?» አለኝ።

መጥታ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ረቡዕ ረቡዕ ከቄራ እየመጣች አጥባልናለች።

«እሷ እንዲህ ዓይነት ነገር አታደርግም» አለች ባለቤቴ።

«እኔ አደረገች አላልኩም። ማለቴ፣ ማን ገባ ማን ወጣ ብሎ ማሰብ ነው እንጂ።»

በማግስቱ ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ማንን ትጠረጥራለህ ሲሉኝ የእሷን ስም አስመዘገብኩ። ስፈርም እንኳ ምንም አልተሰማኝም። ሁለት ቀን አስረው መረመሯት፣ ማስረጃ ሲያጡ ለቀቋት። ባለቤቴ ለሳምንት ያህል «ምግብ ቀርቧል» ከማለት በስተቀር አላናገረችኝም። ጎረቤቴ ግን ከጎኔ አልራቀም። ያገለገለ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆችን አብሮኝ ዞረ። «አይዞህ፣ ይገኛል፣ በቃ አታስበው» ይለኝ ነበር፣ ትከሻዬን ይዞ።

ሁለት ወር ያህል ካለፈ በኋላ አንድ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ የተረፈውን ጆይስቲክ ለእኔ ስጠኝ አለኝ። የማይሠራ ዕቃ መስጠት ስላሳፈረኝ ልጠግነው ሞከርኩ። ገመድ ቀየርኩ። በስልክ ቻርጀርም፣ በላፕቶፕም ሰካሁት። የቻርጅ መሰኪያውን በስፒሪት በነከርኩት የጥርስ እንጨት ጠረግኩ። ከጀርባው ባለችው ትንሽ ቀዳዳ መርፌ አስገብቼ እስከ አምስት እየቆጠርኩ ተጫንኩ። ብርቱካናማ መብራቱ አንዴ ይተነፍስና ይጠፋል። ሲያቅተኝ ኡራኤል አካባቢ ስልክና መሰል ዕቃ የምትጠግን ሴት ጋ ወሰድኩት። ጠባብ ሱቅ ናት፤ ሴትየዋ ግንባሯ ላይ መብራት አስራ ነው የምትሠራው።

ከፍታ ስታየው ፊቷን ቋጠረች። ባትሪው እንደ ትራስ አብጧል።

«እግዜር ነው ያተረፈህ። ይኼን ሰክተህ ብትተኛ ኖሮ ቤትህ በተቃጠለ ነበር» አለችኝ። ባትሪውንም መሰኪያውንም ቀየረችው። መሐል ያለውን ቁልፍ ስትጫነው ነጭ መብራት ብልጭ ብልጭ ማለት ጀመረ። «አሁን ማሽኑን፣ ጌም ማጫወቻውን፣ እየፈለገ ነው። ሲያጣው ራሱ ይጠፋል።» ትንሽ ቆይቶ ጠፋ።

ቤት ወስጄ ቻርጅ አደረግኩትና ሲሞላ ቁልፉን ተጫንኩ። መብራቱ ሦስት አራት ጊዜ ብልጭ አለ፤ ከዚያ ሰማያዊ ሆኖ ረጋ። አልጠፋም። ሌላ ብልሽት ነው ብዬ በማግስቱ ይዤው ተመለስኩ። እሷ ጋ ሲሞከር እንደ መጀመሪያው ቀን ብልጭ ብልጭ ብሎ ጠፋ።

«ደህና ነው እኮ» አለች።

«ቤት ግን ሰማያዊ ሆኖ ቀጥ ይላል።»

«እሱማ ማሽኑን አገኘው ማለት ነው።»

«ማሽን የለኝም።»

«ወይ ማሽን አለ፣ ወይ አንተ መብራቱን በደንብ አላየህም። ይኼ ነገር ከዚህ በፊት ካገናኘኸው ማሽን ውጭ ከማንም ጋር እንዲህ አይሆንም። ማሽኑ ሶኬት ላይ ከተሰካ ደግሞ ተኝቶ እንኳ ቢሆን ይቀሰቅሰዋል።»

«ከምን ያህል ርቀት?»

«አሥር ሜትር ቢሆን ነው። ግድግዳ ካለ ከዚያም ያንሳል። ማሽኑ የት ሄዶ ነው?»

«ተሰርቆብኝ።»

መፍቻዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «እንግዲያው ሩቅ አልሄደም» አለች፣ ቀስ ብላ።

ከኡራኤል እስከ ቤት በእግሬ ነው የሄድኩት። ግቢው በር ላይ ስደርስ ለመግባት ፈራሁ። በየቀኑ ሰላም የምላቸውን ሰዎች አንድ በአንድ አሰብኳቸው።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከትምህርቴ ቀርቼ ጆይስቲኩን ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ። የአከራያችን በር አጠገብ ቆሜ ተጫንኩ፤ ብልጭ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ቧንቧው ጋ ሄድኩ፤ ጠፋ። ከጀርባ፣ ልብስ የሚሰጣበት ገመድ ሥር፣ የጎረቤቴ መስኮት አጠገብ ስደርስ ገና ጣቴን ሳላነሳ ሰማያዊ ሆነ። ከውስጥ፣ በመጋረጃው በኩል፣ «ጢጥ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ማሽኑ ሲበራ ሦስት ዓመት የሰማሁት ድምፅ ነው። ከዚያ የእናቱ ድምፅ ተከተለ፦

«በስመ አብ! ደግሞ ጀመረው!»

ልሄድ ስል መጋረጃው ተገለጠ። እናቱን ግቢው ሁሉ እማማ ነው የሚላቸው። ጉልበታቸው ስለማይታዘዝላቸው ከቤት እምብዛም አይወጡም።

«አንተ ነህ ልጄ? እግዜር ነው የላከህ። እስቲ ና ግባልኝ። ልጄ የለም፣ ብቻዬን ፈርቼ ልሞት ነው።»

«ምን ሆነው ነው እማማ?»

«አልጋው ሥር ያለው ነገር ሰሞኑን ራሱ በራሱ ይበራል። ማንም ሳይነካው! ጠበል ብረጭበትም አልተወኝም።»

ገባሁ። የልጃቸውን አልጋ ሥር ጎንበስ ብዬ አየሁ። በአሮጌ አንሶላ ተሸፍኖ፣ ገመዱ ከሶኬት ተሰክቶ፣ መብራቱ በርቷል። አንሶላውን ገለጥኩት። ባለቤቴ አንድ ቀን ካውያ አስጠግታበት የቀለጠው ጥጉ ወደ እኔ ዞሮ ነበር።

«ለመሥሪያ ቤት የሚሆን ዕቃ ነው ብሎኛል» አሉ እማማ ከኋላዬ። «ክፉ ነገር ነው እንዴ?»

«አይደለም እማማ። ጤነኛ ነው።»

«ንቀልልኝ በሞቴ።»

ነቀልኩት። እጄን ይዘው መረቁኝ። ከቤቱ ስወጣ ጆይስቲኩ ኪሴ ውስጥ ማሽኑን ፍለጋ ብልጭ ብልጭ ይል ነበር።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤቴን ውጭ በር ላይ ጠበቅኩት።

«እናትህ ጠርተውኝ ቤት ገብቼ ነበር» አልኩት።

ፊቱ አመድ ሲመስል አየሁት። «ነገርካቸው?»

«አልነገርኳቸውም።»

«ልመልሰው ነበር። እውነቴን ነው። ልሸጠው አይደለም እኮ የወሰድኩት። እሁድ ሲመጣ… በቃ፣ አንተ በሩን ዘጋህብኝ። ምን እንደምሆን ጠፋኝ።»

«እሷስ? ሁለት ቀን የታሰረችውስ?»

ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። ከዚያ ዓይኔን እያየ፦ «ፖሊስ ጣቢያ የሄድከው አንተ ነህ። እኔ የማንንም ስም አላስጻፍኩም» አለኝ።

ጥዬው ወደ ቤት ገባሁ። 

በማግስቱ ጠዋት ማሽኑን በዚያው አንሶላ ተጠቅልሎ በራችን ላይ አገኘነው። ባለቤቴ ተሻግራው አለፈች እንጂ አልነካችውም። «መጀመሪያ ቄራ ሂድ» አለችኝ።

ልብስ የምታጥበውን ሴት ያገኘኋት ከሥጋ ቤቶቹ ጀርባ፣ ብዙ ሰው በተከራየበት ግቢ ውስጥ ነው። በፊት እርስዎ ነበር የምትለኝ። ያን ቀን አንተ አለችኝ።

ማን እንደወሰደው ነገርኳት። ይቅርታ ስጠይቃት እጇን አነሳችና አስቆመችኝ።

«ይቅርታውን ለራስህ ያዘው። ካዛንቺስ ከእናንተ ሌላ ሦስት ቤት አጥብ ነበር፣ ሦስቱም አትምጪ ብለውኛል። እነሱ ጋ ሄደህ በአፍህ ንገራቸው። ጣቢያም ሂድና አስተካክል።»

ሦስቱም ቤት ሄድኩ። አንዷ «ውይ፣ እኔም አላመንኩም ነበር» አለችኝ። ሁለቱ ሌላ ሰው ይዘናል አሉኝ። ጣቢያ ግን እማማ በዓይኔ ዞሩብኝና «ዕቃው ተገኝቷል» ብቻ አልኩ። ፖሊሱ የት ተገኘ ሲለኝ በር ላይ ተቀምጦ አልኩት። ማሽኑን ለማስረጃ ተቀበለኝና ጻፈው።

ቄራ ተመልሼ ይኼንን ለልብስ አጣቢዋ ነገርኳት።

«በር ላይ ተገኘ ነው ያልካቸው?»

«አዎ።»

«እንግዲህ ከእስር ስወጣ ፈርቼ መለስኩት ማለት ነው። እንደዚያ ነው የሚነበበው።»

እውነቷን ነው። መንገዱን ሁሉ ሳስበው ሌላ ትርጉም አጣሁለት። በዚያው ቀን ወደ ጣቢያው ተመለስኩና የጎረቤቴን ስም ሰጠሁ።

ማክሰኞ ጠዋት መጥተው ወሰዱት። ቤት ውስጥ ሆኜ ነው የሰማሁት። እማማ አልጮሁም፤ «ጫማውን ያድርግ፣ ጫማውን እንኳ ያድርግ» ሲሉ ብቻ ይሰማኛል። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ በራችን ተንኳኳ። እማማ ምሳ ዕቃ በነጠላቸው ሸፍነው ይዘው ቆመዋል።

«ልጄ፣ አንተ የተማርክ ነህ። ጣቢያ አብረኸኝ ሂድ፣ እኔ ብቻዬን ምን ብዬ አናግራቸዋለሁ?»

ባለቤቴ አየችኝ። እውነቱን ልነግራቸው አስቤ ተውኩት። ምሳ ዕቃውን ተቀበልኳቸው። ክንዴን ይዘው፣ በየመብራት እንጨቱ ሥር እያረፉ፣ ልጃቸው በልጅነቱ እንኳ የሰው እርሳስ ይዞ ቤት ገብቶ እንደማያውቅ እየነገሩኝ ሄድን። በፈረሱት ቤቶች በኩል ስናልፍ አቧራው እንዳያንቃቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረግኩላቸው።

ጣቢያው በር ላይ የነበረው ያው የልጃቸውን ስም ስሰጥ የጻፈው ፖሊስ ነው። እኔን አየ፣ እሳቸውን አየ።

«እናት፣ ከከሳሹ ጋር ነው እንዴ የመጡት?» አላቸው።

እማማ ወዲያው አልገባቸውም። ከዚያ ክንዴን ቀስ ብለው ለቀቁ። ምሳ ዕቃውን ከእጄ ወሰዱ፤ አልተቆጡም፣ ቀና ብለውም አላዩኝም። ግድግዳውን እየተደገፉ ብቻቸውን ገቡ።

ጎረቤቴ ከሳምንት በኋላ በዋስ ወጣ። ወሩ ሳያልቅ ቤቱን ለቀው ሄዱ፤ የት እንደሆነ አልነገሩንም። ልብስ የምታጥበው ሴት ከሦስቱ ቤቶች በአንደኛው ሥራዋን ጀምራለች። አንዳንዴ መንገድ ላይ አገኛታለሁ፤ ሰላምታዬን በአንገቷ ትመልስልኛለች። ወደ እኛ ቤት አልተመለሰችም፣ እኛም ነይልን ብለን ለመጥራት አልደፈርንም። ማሽኑን መጥተህ ውሰድ ብለው ከጣቢያው ሁለት ጊዜ ደውለውልኛል። አልሄድኩም።